የዝዋይን ደሴቶች ከልጆችና ከእማማ ጋር እንዴት እንያቸው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ የ12፣ የ7 እና የ3 ዓመት። የባለቤቴ እናትም አብረውን ናቸው። 70 ሊሞላቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዝዋይ ሄደን ደሴቶቹን በጀልባ ለማየት አስበናል። ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን፣ ዓሣ በልተን፣ ከሰዓት ቱሉ ጉዶ ደሴት ደርሰን ማታ ቤታችን እንገባለን ይላል። ማናችንም ዋና አንችልም። እኔ ፈርቻለሁ። እሱ ደግሞ ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ምንም አይፈጠርም ይለኛል። ምን ትመክረናለህ?»

እህቴ፣ ሂዱ። ግን ባለቤትሽ ባሰበው መንገድ አይሁን።

ሥራዬ ቤተሰቦችን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ማስጎብኘት ነው። ጀልባ ነጂዎችንም ስለ ደህንነት አሠለጥናለሁ። ስለዚህ መልሴን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ቱሉ ጉዶ ደርሶ መልስ፣ ከሦስት ዓመት ሕፃንና ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር፣ አይሆንም። በማለዳ ተነስታችሁ ቅርብ ያሉትን ደሴቶች አይታችሁ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት መሬት ከረገጣችሁ ግን ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚያወሩት ጉዞ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥልቀቱ ልምጣ፤ ይህን ክርክር ብዙ ቤተሰብ ውስጥ እሰማዋለሁ። ባለቤትሽ ያለው እውነት ነው። ዝዋይ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 9 ሜትር አካባቢ ነው። ለእናንተ ቅርብ የሆነው የቢሾፍቱ ሐይቅ ወደ 87 ሜትር ይወርዳል። ባቦጋያም 65 ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ጀልባ ላይ ለተቀመጠ ሰው ዝዋይ ከሁለቱም ይከብዳል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ዙሪያቸው ገደል ስለሆነ ከነፋስ ይከለላሉ፤ ወዲያ ማዶው ቅርብ ነው። ዝዋይ ግን ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው። ርዝመቱ 31 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነፋሱ ከአንዱ ዳር ተነስቶ ሌላው ዳር እስኪደርስ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል። ጀልባውን ከፍ አድርጎ ይፈጠፍጠዋል። ዋና ለማይችል ሰው ደግሞ ሦስት ሜትር ውሃም ሰማንያ ሜትር ውሃም ያው ነው። ስለዚህ ባለቤትሽን ስለ ጥልቀቱ አትከራከሪው። ስለ ስፋቱና ስለ ነፋሱ ንገሪው።

ነፋሱ ሰዓት አለው። ማለዳ ሐይቁ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ቶሎ ይሞቃል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። በዚህ ልዩነት አየሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ ሐይቁም ይነሳል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። በማለዳ የሚወጡት ያለምክንያት አይደለም። ዓሣ በልቶ፣ ትንሽ አርፎ፣ 8 ሰዓት ላይ ጀልባ መሳፈር ማለት ሐይቁ በሚከፋበት ሰዓት መግባት ማለት ነው። የዓሣውን ምሳ ከጀልባው በኋላ አድርጉት። ቅደም ተከተሉን ብቻ ብትገለብጡት ከጭንቀታችሁ ግማሹ ይቀንሳል።

እናንተ ጋ አንድ ትልቅ ዕድል አለ። ቱሉ ዲምቱ ማለት የፈጣን መንገዱ በር ላይ መኖር ነው። የለቡ ወይም የአየር ጤና ሰው ከተማውን አቋርጦ እስኪወጣ እናንተ ሞጆ ትደርሳላችሁ። ከሞጆ በመቂ አድርጎ ባቱ ድረስ ፈጣን መንገድ አለ። ባቱ የዝዋይ ከተማ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው ዝዋይ ይለዋል። ጉዞው በጠቅላላው 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ከወጣችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ባቱ ትገባላችሁ። ልጆቹን በፒጃማቸው መኪና ውስጥ አስተኟቸው። ቁርስ እዚያው ባቱ ብሉ። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀልባ ላይ ሁኑ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ባቱ ለሚያውቃችሁ ሰው ወይም ለጀልባ ነጂው ደውላችሁ የመንገዱንም ሁኔታ ጠይቁ።

ደሴቶቹን በተመለከተ፣ ዝዋይ አምስት ዋና ደሴቶች አሉት። ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንድሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ የወፎች ደሴት የሚሏት ድንጋያማ ቦታ አለች። ትልቁም ሩቁም ቱሉ ጉዶ ነው። እንደ ሞተሩ ጉልበት ይለያያል እንጂ ለመሄድ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለእናንተ የምመርጠው የወፎቹን ደሴት በጀልባ መዞር ነው። ከዚያ ነጂው በዚያ ቀን ውሃ ይሻላል የሚላችሁ ቅርብ ደሴት ላይ ወርዶ እግር ማፍታታት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ውሃ ላይ ይበቃል። የሦስት ዓመት ልጅ ከዚያ በላይ አይቀመጥም።

ጥር ላይ መሄዳችሁ ደግሞ ጥሩ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከዓመት እስከ ዓመት እዚያው ከሚኖሩት ጋር ሲደባለቁ ሐይቁ ሌላ መልክ ይይዛል። መሳፈሪያው አጠገብ አባ ኮዳ ታያላችሁ። ራሰ በራ፣ ቁመቱ የሰባት ዓመት ልጃችሁን የሚያህል፣ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቀ የሚቆም ወፍ ነው። ልጆቹ በጣም ይወዱታል። በእጃቸው እንዳያጎርሱት ብቻ ተከታተሏቸው፤ መንቁሩ ከባድ ነው። ፔሊካኖቹ በቡድን ሲንሳፈፉ፣ ዓሣ በል ንስሩ ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮህ የምትሰሙትም በጠዋት ነው። ርካሽም ብትሆን አንድ ባይነኩላር ይዛችሁ ሂዱ። ትልቋ ልጅሽ ወይም ትልቁ ልጅሽ የጉዞው ወፍ ቆጣሪ ይሁን። ሥራ ያለው ልጅ ጀልባ ላይ ተነሳ ተቀመጥ አያበዛም።

ለ12 ዓመቱ ልጅ የደሴቶቹን ሰዎች ታሪክ ቀድማችሁ ንገሩት። ደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮች ናቸው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የደሴቶቹን ተዳፋት እርከን ሠርተው ያርሳሉ። ብዙዎቹ ዛሬ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጥተው ይኖራሉ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ቱሉ ጉዶ እንደደረሱና እዚያ 70 ዓመት ያህል እንዳቆዩዋት በትውፊት ይነገራል። በቱሉ ጉዶ የጽዮን ማርያም ገዳም አለ፤ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም ተጠብቀው ኖረዋል። አማትሽ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ሳልሳለም አልመለስም» ሊሉ እንደሚችሉ እገምታለሁ። ለእሳቸው የሚሆን መንገድ አለ፤ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ላይፍ ጃኬት። እዚህ ላይ አልደራደርም። ጀልባው ውስጥ መኖሩ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ገና መሬት ላይ እያለ ለብሶት መታሰሩ ነው ጃኬት የሚያሰኘው። ውስጡ ላይ ለስንት ኪሎ ሰው እንደተሠራ የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ አንብቡት። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የማንሳፈፍ ኃይሉ በኒውተን ተጽፏል። 50 የሚለው ዋና ለሚችል ሰው ነው። ለእናንተ 100 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።

ለልጆቹ የአዋቂ ጃኬት አጥብቆ ማሰር መፍትሔ አይደለም። ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ወደ ታች ሾልኮ ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጃኬቱን አልብሰሽ ካሰርሽ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ወደ አገጩና ወደ ጆሮው ከወጣ ትልቅ ነው። የሦስት ዓመቱ ልጅ ጃኬት በእግሮቹ መሃል የሚታሰር ማሰሪያና አንገቱን ከኋላ የሚደግፍ ትራስ ሊኖረው ይገባል። ባቱ ላይ ለዚያ ዕድሜ የሚሆን ላታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ወይም ተውሳችሁ ሂዱ። ክንድ ላይ የሚነፋ ፕላስቲክና የመኪና ካላማዳሪ የመዋኛ ገንዳ መጫወቻ ናቸው፤ ጃኬቱን አይተኩም።

እባክሽን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሕፃኑን ጀልባ ላይ በጀርባሽ አትዘዪው። ማዘያውን መኪና ውስጥ ተዪው። መሬት ላይ ማዘል የመሰለ ደህና ነገር የለም። ውሃ ላይ ግን እናትየዋ ብትወድቅ ጃኬቷ በደረቷ ወደ ላይ ያንጋልላታል፤ የታዘለው ልጅ ከሥሯ ውሃ ውስጥ ይሆናል። የራሱን ጃኬት ለብሶ፣ ከጭንሽ ላይ ወይም ከእግሮችሽ መሃል ተቀምጦ፣ በእጅሽ ያዢው። በገመድ ወይም በነጠላ ከራስሽም ከጀልባውም ጋር አትሰሪው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መሃል ሐይቅ ላይ አይደለም፤ ሲሳፈርና ሲወርድ ነው። ባለቤትሽ ቀድሞ ይግባ። ልጆቹን ከመሬት አንቺ ወይም የነጂው ረዳት አቀብሉት። አንድ ሰው ሲገባ ሌላው ይጠብቅ። የጀልባውን ጠርዝ ሳይሆን መሃሉን ርገጡ፤ ጎንበስ በሉ። አማትሽ ረጅም ቀሚስና ነጠላ ይለብሱ ይሆናል። ነጠላውን አጣፍተው እንዲያስሩት፣ ቀሚሱን ትንሽ ሰብሰብ እንዲያደርጉት ንገሪያቸው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይያዛቸው። ከተሳፈሩ በኋላ ከመሃል ወደ ኋላ ባለው መቀመጫ ያስቀምጧቸው። የጀልባው አፍንጫ በጣም ይዘላል፤ ለወገብና ለጉልበት አይሆንም። ከቤት አንድ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይዛችሁ ከሥራቸው አንጥፉላቸው። ልጆቹም መሃል ይሁኑ። ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ወደ አንድ ጎን አይሂድ።

ጀልባውን ለመመርመር ባለሙያ መሆን አያስፈልግሽም። ከሥሩ ውሃ ቋጥሮ እንደሆነ እይ። መቅዘፊያ አለው ወይ? ሞተር ቢጠፋ ያ ነው የሚያወጣችሁ። ነዳጁስ? እኛ የምናሠለጥነው አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛው መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። ሞተሩ ላይ ተሰክቶ በነጂው እጅ ወይም እግር የሚታሰር ገመድ አለ። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው። ብዙዎች ይንቁታል። «ወንድሜ፣ ልጆች አሉብን፣ እሷን ገመድ እሰራት» በይው፤ አይቆጣሽም። ሌላ ቤተሰብ ደርበን እንሂድ ካሏችሁ እምቢ በሉ። ዋጋው ከፍ ቢልም ጀልባውን ለብቻችሁ ያዙ።

ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። የትኞቹን ደሴቶች እንደሚያካትት፣ መጠበቂያው ለስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በሰው ይሁን በጀልባ፣ ሁሉም ይነገር። ግማሹን ሲነሱ፣ ግማሹን ሲመለሱ መክፈል ጥሩ ነው።

ጉማሬ ዝዋይ ላይ አለ። ልጆቹ ማየት ይፈልጋሉ፤ ነጂውም ሊያስደስታችሁ ብሎ ሊጠጋ ይችላል። አታስጠጉት። ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥና ደንገሉ አካባቢ ይውላል። በተለይ ግልገል ካለው ጀልባን አይታገስም። በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መሃል ፈጽሞ አትግቡ፤ መሸሻው ያ ነውና። ራቅ ብሎ፣ ሞተሩን ቀንሶ፣ በባይነኩላር ማየት በቂ ነው።

ልጆቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ እንንከር ይላሉ። ዝዋይ ላይ አይሆንም፤ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ የሚራባው ዳርቻው ላይ፣ ቄጤማው ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ይንሳፈፍና በሰው ቆዳ ይገባል። ስለዚህ መዋኘትም፣ በባዶ እግር ዳር ዳሩን መራመድም ይቅር። ደሴት ላይ ስትወርዱ ጀልባው እስከ ደረቁ ይጠጋላችሁ ወይም ልጆቹን ተሸከሟቸው። ድንገት የገባ ካለ ወዲያው በፎጣ እሹት፣ አድርቁት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶም ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት አለው። ልጆቹ ውሃ መንካት በጣም ካማራቸው ሌላ ቀን ወደ ላንጋኖ ሂዱ።

ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ በቂ የመጠጥ ውሃ ያዙ። ፀሐይዋ ከላይም ከውሃውም ስለምትመታ ልጅ ሳያስበው ይቃጠላል። ማለዳ ግን ይበርዳል፤ ሹራብ አትርሱ። ለልጆቹ ከጀልባው በፊት ወተትና ቅባት የበዛበት ቁርስ አትስጧቸው፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ደረቅ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ደሴቶቹ ላይ ምግብ ቤት አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ስትመለሱ ባቱ ላይ ትኩስ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ይጠብቃችኋል፤ ለአማትሽ ጾም ከሆነ ደግሞ ሽሮ አይጠፋም።

እሺ፣ አማትሽና ቱሉ ጉዶ። እሳቸው በእውነት መሳለም ከፈለጉ ጉዞውን የሁለት ቀን አድርጉት። ዋዜማውን ባቱ እደሩ። በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ላይ ከሆናችሁ ሐይቁ ሳይነሳ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ደሴቱ ተራራማ ነው፤ ሽቅብ መውጣት አለ። ከታች ሆነው ቢሳለሙም ያው ነው በሏቸው፤ ምርኩዝም ይያዙ። ያን ቀን ሕፃኑ አንቺ ጋ የብስ ላይ ይቅር፤ ባለቤትሽ ከእናቱና ከትልቁ ልጅ ጋር ይሂድ። ባቱ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ የወባ ትንኝ አለ። አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰዎቹንም ካህናቱንም አስፈቅዱ።

«ወንጪስ?» ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ እዚያም ሐይቅ መሃል ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ቆንጆ ነው፣ ከነፋስም ይከለላል። ግን ለሰበታና ለቡራዩ ሰው ይቀርባል እንጂ ከቱሉ ዲምቱ ከተማውን ማቋረጥ ይጠይቃል። ብርዱም ከባድ ነው።

ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ግን አንድ ልምምድ አድርጉ። ቢሾፍቱ ለእናንተ ጎረቤት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ በትንሽ ጀልባ ሃያ ደቂቃ ያህል ዙሩ። የሦስት ዓመቱ ልጅ ጃኬቱን ለብሶ ይቀመጣል ወይስ እያለቀሰ ሊያወልቀው ይታገላል? አማትሽ ሲሳፈሩ ጉልበታቸው እሺ ይላቸዋል? አንቺስ ፍርሃትሽ ይቀንሳል? መልሱን ከቤትሽ ሩቅ ሳትሄጂ ታውቂዋለሽ። ሕፃኑ ጃኬቱን ፈጽሞ እምቢ ካለ፣ ዝዋይ ስትደርሱ አንዳችሁ ከእሱ ጋር ዳርቻው ላይ አባ ኮዳ እያያችሁ ቆዩ፤ ሌሎቹ ይሂዱ። በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይደርሳል።

በዋዜማው ማታ ለጀልባ ነጂው ስትደውዪ ሦስት ነገር ጠይቂው። ነገ በስንት ሰዓት መነሳት ይሻላል? መጠባበቂያ ነዳጅ ትይዛለህ? ለሰባትና ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ጃኬት አለህ? ጥሩ ነጂ ለመጀመሪያው ጥያቄ «በጠዋት ኑ» ይልሻል። «የፈለጋችሁ ሰዓት ኑ፣ ለልጆቹም የአዋቂውን እናጠብቀዋለን» ካለሽ አመስግኚውና ለሌላ ነጂ ደውዪ።